ሃያ ሁለት ሕፃናትና አንድ የሴራሚክ ካርቶን

እኔ ስፓኒሽ አላውቅም። ይህን ከወዲሁ የምነግራችሁ ሐቀኛ ስለሆንኩ አይደለም፤ ሐቀኛ ብሆን ኖሮ የማወራችሁ ነገር ባልኖረ። የምናገረው ኋላ ላይ «ታዲያ እንዴት አድርጎ አስተማረ?» እያላችሁ ራሳችሁን እንዳታደክሙ ነው። ማወቅና ማስተማር ለየቅል ናቸው። በዚህ ከተማ መንዳትና መንጃ ፈቃድም ለየቅል ናቸው፤ ያም ሆኖ መንገዱ በመኪና ተጨናንቋል።

ስምንት ዓመት ኤርፖርቱ አጠገብ ካርጎ ውስጥ ሠርቻለሁ። ሥራዬ ካርቶን ላይ የተጻፈውን ጮክ ብሎ ማንበብ ነበር፤ እኔ አነባለሁ፣ ባልደረባዬ መዝገብ ላይ ያሰፍራል። ከስፔን የሚመጣ ዕቃ ሲበዛብን አንድ ፂማም የአውሮፕላን መካኒክ በሁለት የምሳ ሰዓት አነባበቡን አሳየኝ። ስፓኒሽ እንደ እንግሊዝኛ ተንኮለኛ አይደለም፤ የተጻፈው ይነበባል። ከሦስት አራት ፊደል በቀር ሸፍጥ የለበትም። በሳምንቱ የቧንቧውንም የመድኃኒቱንም የወይራ ዘይቱንም ካርቶን እንደ ውሃ አንበለብለው ጀመር። ትርጉሙን ግን እሱም አልነገረኝ፣ እኔም አልጠየቅኩት። ለካርቶን ምን ይሠራለታል?

ይህ ከገረማችሁ አባቴን አታውቁትም ማለት ነው። አባቴ በየማለዳው ዳዊት ይደግም ነበር፤ በግዕዝ፣ አንድ ፊደል ሳይስት። ልጅ ሆኜ «አባዬ፣ ምን ይላል?» ብዬ ብጠይቀው በአገጩ ወደ ላይ እያመለከተ «እሱ ይገባዋል» አለኝ። እኔም የአንባቢ ድርሻ ማንበብ ነው፣ መረዳቱ የሌላ ነው ብዬ አደግኩ። አባቴ አልተሳሳተም፤ የሚያነበው ለፈጣሪ ነው። ተሳሳተ ከተባለ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ፣ ነገሩን ካርጎ ድረስ ይዤው የሄድኩት።

ከዕለታት አንድ ቀን «ቲት» ብሎ የሚያነብ ማሽን መጣ። እኔ ቀኑን ሙሉ የማነበውን እሱ ከምሳ በፊት ጨረሰው። አለቃዬ እጄን ጨብጠው «በድምፅህ ሁላችንም እንኮራ ነበር» ብለው ሸኙኝ።

ሥራ ፍለጋ ሲቪ ስጽፍ «ቋንቋ» የሚል ቦታ ላይ ደረስኩ። እዚያ ቦታ ላይ እውነት የጻፈ ኢትዮጵያዊ ካለ አንድ ቀን ብተዋወቀው ደስ ይለኛል። «ስፓኒሽ፦ ንባብ፣ እጅግ በጣም ጥሩ» አልኩ። ይህ ውሸት አይደለም። ከሥሩ «መናገር» የሚል ባዶ ቦታ ነበር፤ ባዶ ሲሆን ደስ አላለኝምና «ጥሩ» አልኩበት። ያንሸራተተኝ እሱ ነው።

ደወሉልኝ። ቦሌ መድኃኔዓለም አካባቢ ያለ የግል ትምህርት ቤት ነው። ስሙን አልጠራውም፤ ልጥራው ብልም ትንፋሽ ይፈጃል። በየዓመቱ አንድ አንድ ቃል ስለሚጨመርበት ታፔላው ከፊት ለፊት አጥር አልፎ ወደ ጎን ታጥፏል።

ባለቤቷም ዳይሬክተሯም ወይዘሮ አስቴር ናቸው። ገና ሳልቀመጥ ነገሩን አስረዱኝ። «ከፊታችን ያለው ፈረንሳይኛ ጀመረ። ከጀርባችን ያለው ቻይንኛ። ማዶ ያለው ቱርክኛ ከነምሳው ያስተምራል። ያልተያዘ ማን ቀረ?» አሉ፣ መኪና ማቆሚያ እንደሚፈልግ ሰው ግራ ቀኙን እያዩ። «ስፓኒሽ። ከትንንሾቹ እንጀምራለን። ጠዋት በእንግሊዝኛ፣ ከሰዓት በስፓኒሽ ማንበብና መጻፍ። ዱዋል ላንጉዌጅ ይባላል፣ ሲሪየስ ፕሮግራም ነው።»

«አማርኛስ?» አልኩ።

«አማርኛ ቤታቸው አለላቸው» አሉ።

ቢሯቸው ጥግ የስፔን ሴራሚክ ተደርድሯል። የትምህርት ቤቱን መታጠቢያ ቤት እያስለጠፉ ነበር። አንዱን ካርቶን በእግራቸው ወደ እኔ ገፋ አደረጉና «እስቲ ይሄን» አሉኝ።

በጀርባው በኩል ረዘም ያለ ጽሑፍ አለው። ጉሮሮዬን ጠረግኩና ለቀቅኩት። «ሊምፒዬ ላ ሱፔርፊሲዬ። ሜስክሌ ኮን አጉዋ ሊምፒያ። ኤስፔሬ ዲዬስ ሚኑቶስ…» ወይዘሮ አስቴር ዓይናቸውን ጨፈኑ። ስጨርስ በረጅሙ ተነፈሱና «ቋንቋ እንዲህ ነው እንጂ» አሉ። ምን ማለት ነው ብለው አልጠየቁኝም። ጠይቀውኝ ቢሆን ዛሬ ሌላ ሥራ ላይ ነበርኩ።

እንድቀጠር ያደረገኝ ግን ሌላ ነገር ነው። የሠራተኛ ልጅ እዚያ በነፃ ይማራል። ሶስና የምትባል የስድስት ዓመት ልጅ አለችኝ። ቦሌ ሚካኤል፣ ከቤታችን ጀርባ ያለ ትምህርት ቤት ነበረች፤ ክፍሉ ከመሙላቱ የተነሣ አስተማሪዋ ዓመት ሙሉ «አንቺ ቀይ ሹራብ» እያለች ነበር የምትጠራት። ሹራቧ በታጠበ ቀን ደግሞ ጭራሽ አትጠራትም። ወይዘሮ አስቴር «ልጅህን ሰኞ ይዘሃት ና» ሲሉኝ ስፓኒሽ ቀርቶ የወፍ ቋንቋም አስተምራለሁ ለማለት ተዘጋጅቼ ነበር።

የታዘዙት መጻሕፍት ጉምሩክ ተይዘዋል። ያለኝ ጥቁር ሰሌዳ፣ ሶስናን ጨምሮ ሃያ አንድ ሕፃናትና አንድ እንጨት ነው። ምን አደርጋለሁ፣ እንዳስተማሩኝ አስተማርኩ። የፊደል ገበታ ሠራሁ። «ማ ሜ ሚ ሞ ሙ» እላለሁ፣ «ማ ሜ ሚ ሞ ሙ» ይላሉ። «ላ ሌ ሊ ሎ ሉ።» የኛ ፊደል ሰባት ቤት ሲኖረው የነሱ አምስት ብቻ ነው፤ አንዱ ተማሪ የቀሩት ሁለቱ የት ሄዱ ብሎ ቢጠይቀኝ «ጉምሩክ ናቸው» አልኩት። ገባው። የቦሌ ልጅ ጉምሩክን ከፊደል በፊት ነው የሚያውቀው።

አይነገር እንጂ ዘዴው ሠራ። በሁለት ወር ውስጥ ያገኙትን ሁሉ ያነቡ ጀመር። የሚያገኙት ግን አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሴራሚኩ ካርቶን። ጀርባውን ቀድጄ ሰሌዳው ላይ ለጥፌላቸዋለሁ። በዜማ ነው የሚያነቡት። ሦስተኛው መስመር ላይ ቀኝ እጃቸውን ደረታቸው ላይ እንዲያደርጉ አሠለጠንኳቸው። የመጨረሻው መስመር ላይ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ዓይናቸውን ይከድናሉ፤ ድምፁን ስሰማው ስለ እናት የሚናገር ይመስለኝ ነበር። የእንግሊዝኛ አስተማሪዋ ቲቸር ሔለን ብቻ ናት የከፋት፤ ልጆቹ «አፕል» የሚለውን «አፕሌ» እያሉ አስቸገሯት።

ወላጆች ግን በደስታ ሊያብዱ ሆነ። በተለይ አቶ ሸምሱ። ቦሌ ሚካኤል የሕንፃ መሣሪያ ሱቅ አላቸው፤ ልጃቸው አንዋር የኔ ተማሪ ነው። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሱቃቸው ወስደውኝ አንዋርን ካርቶን ላይ አቆሙት። ደንበኛ ሲመጣ ልጁ የሴራሚኩን ጀርባ ያነበንባል፣ አቶ ሸምሱ «ይኸው ጆሮህ ሰምቷል፤ ኦሪጅናል ባይሆን በስፓኒሽ ይነበብ ነበር?» ይላሉ። ደንበኛው ይገዛል። «ምን ይላል?» ያለ አንድም ሰው አልነበረም።

«አስተማሪ፣ እኔም ልጅ ሆኜ መድረሳ እንዲሁ ነበር የቀራሁት» አሉኝ አቶ ሸምሱ። «ትርጉሙ የመጣው ኋላ ነው። መጀመሪያ ምላስ ይቅና።»

«ትርጉሙ መቼ መጣ?» አልኳቸው።

«እየመጣ ነው ወላሂ» አሉ፤ ሁለታችንም ሳቅን። እኔ የሳቅኩት ግን ለጨዋነት ነው።

ከገና ዕረፍት መልስ ካሚላ መጣች። ኮሎምቢያዊት ናት፤ እናቷ ኤምባሲ ነው የሚሠሩት። ስፓኒሽ አፏን የፈታችበት ቋንቋ ነው፤ ማንበብ ግን አትችልም። እኔ አነባለሁ፣ አይገባኝም። እሷ ይገባታል፣ አታነብም። ሁለታችን ተደምረን አንድ የስፓኒሽ አስተማሪ ይወጣን ነበር፤ ደሞዙ ላይ ብቻ ነው ያልተግባባነው ማለት ይቻላል። ወይዘሮ አስቴር ሰማይ ነኩ። ስፓኒሽ ተናጋሪ ስፓኒሽ ለመማር እኛ ጋ መጣች እያሉ ከልጅቱ ጋር ፎቶ ተነሡ።

በመጀመሪያው ቀን ሃያ አንዱ ልጆች ተነሥተው ካርቶኑን በዜማ አነበቡላት። ካሚላ ሰማች። አፏን ከፈተች። ከዚያ ከወንበሯ ተንሸራትታ ጠረጴዛ ሥር ገባችና እየተንፈራፈረች ትስቅ ጀመር። ልጆቹ ዓይናቸውን እንደ ከደኑ ናቸው። ስትወጣ ወደ እኔ መጥታ ብዙ ተናገረች፣ በመጨረሻም መልስ ጠበቀች። ምን እላለሁ? «ሲ» አልኳት። አዎ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። የማውቀውም እሱኑ ነው።

በማግሥቱ ውሻዋን ይዛ መጣች። ለካ ላምጣው ወይ ብላኝ ኖሯል። ውሻው የአንዋርን ምሳ በልቶ የፊደል ገበታው ላይ ሸና።

በሦስተኛው ቀን እናትየው መጡ። ካርጎ ሳለሁ ኤርፖርቱ በር ላይ ዘመድ ከሚጠብቁት በቀር እንደዚያ ያለ ናፍቆት በሰው ፊት ላይ አላየሁም። ለካ ከአገራቸው ከወጡ ጀምሮ በቋንቋቸው የሚያጫውታቸው ሰው አላገኙም። እጄን በሁለት እጃቸው ይዘው አምስት ደቂቃ ያህል አወሩኝ። በእንግሊዝኛ እንነጋገር ብል ኖሮ እንግባባ ነበር፤ ግን የስፓኒሽ አስተማሪ በምን አፉ? «ሲ» አልኩ በደስታ ፊት። «ሲ» አልኩ በሐሳብ ፊት። ሰው ሞቶባቸው ቢሆንስ ብዬ ሦስተኛውን «ሲ» በሐዘን ፊት አልኩት።

ከሰዓት ወይዘሮ አስቴር ክፍሌ ድረስ መጡ። «የካሚላን እናት ለወላጆች ቀን ጋብዘሃቸዋል አሉ። ልጆቹ ያነባሉ፣ እሳቸው አስተያየት ይሰጣሉ። እንዲህ ያለ ሐሳብ አለህ እንዴ አንተ? ብራቮ።»

ቀኑ ከወር በኋላ ነበር፤ እስከዚያ እንቅልፍም አይወስደኝ፣ ምግብም አይበላልኝ። የኔ መጋለጥ ምንም አይደለም፤ እኔ ሥራ መልቀቅ ለምጃለሁ። ሶስናን ግን ወደ «አንቺ ቀይ ሹራብ» ልመልሳት ነው። እዚህ ስሟን የሚያውቁ አሉ፤ የልደቷን ቀን እንኳ ጽፈው ለጥፈውላታል።

በዋዜማው ዓርብ በምሳ ሰዓት ታመምኩ ልበል ወይስ ሰው ሞተብኝ ልበል እያልኩ ግቢው ውስጥ ስዞር ሶስናና ካሚላን አጥሩ ሥር አገኘኋቸው። እጃቸው እስከ ክርናቸው ጭቃ ነው። ሶስና ሊምፒዬ ላ ሱፔርፊሲዬ ትላለች፤ ካሚላ በእጅጌዋ አጥሩን ትጠርጋለች። ሶስና ቀጣዩን ትላለች፤ ካሚላ ጭቃውን በውሃ ትለውሳለች። ከዚያ ሁለቱም እጃቸውን አጣምረው ዝም ብለው ይቆማሉ።

«ምን እያደረጋችሁ ነው?» አልኩ።

«አሥር ደቂቃ እየጠበቅን» አለች ሶስና። «እኔ አነባለሁ፣ እሷ ትሠራዋለች። እሷ ስትሠራው ደግሞ እኔ አያታለሁ።» ከዚያም የጠርሙስ ቆርኪ በጭቃው ላይ ለጠፈችና «እስኪደርቅ አትንካው ነው የሚለው መጨረሻው ላይ፣ አባዬ» አለችኝ።

ስለ እናት አልነበረም። ዓይናቸውን እያስከደንኩ፣ ደረታቸውን እያስያዝኩ ወራት ሙሉ ያስነበብኳቸው የሴራሚክ አለጣጠፍ መመሪያ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት አዳራሹ ሞላ። ልጆቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው ተሰለፉ። ሌላ የሚነበብ ስለሌለ ካርቶኑ ተነበበ። ሦስተኛው መስመር ላይ ደረት ተያዘ፤ አቶ ሸምሱ «ማሻአላህ» አሉ። መጨረሻው ላይ ዓይኖች ሲከደኑ አንዲት እናት ሶፍት አወጡ። የካሚላ እናት ብቻ ከንፈራቸውን ነክሰው ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ።

ጭብጨባው ሲበርድ ወይዘሮ አስቴር ንግግር ጋበዟቸው። እናትየው ተነሥተው በእንግሊዝኛ ልጆቹ እንዳነበቡት አጥርቶ የሚያነብ ሕፃን በአገራቸውም እንዳላዩ ተናገሩ። ከልባቸው ነበር። ቀጥለውም «ያነበቡት ምን እንደሆነ አንዳቸው ቢነግሩን?» አሉ።

ወላጆች ወደ ወይዘሮ አስቴር ዞሩ። ወይዘሮ አስቴር ወደ እኔ ዞሩ። እኔ የምዞርበት አልነበረኝም።

ሶስና እጇን አወጣች። ሳይፈቀድላትም ቆመችና በአማርኛ፣ አንድ ሳታስቀር ተናገረች። ግድግዳውን ጥረግ። ማጣበቂያውን በንጹሕ ውሃ ለውስ። አሥር ደቂቃ ጠብቅ። ለጥፍ። እስኪደርቅ አትንካ።

መጀመሪያ የተሰማው የአቶ ሸምሱ ድምፅ ነው። «ቆይ ቆይ፣ አሥር ደቂቃ መጠበቅ አለበት?» አሉ ከወንበራቸው ተነሥተው። «ለዚህ ነዋ ሰው ሁሉ ወደቀብኝ እያለ ሴራሚክ የሚመልስልኝ።» ወይዘሮ አስቴር ዓይናቸውን ወደ በሩ ወረወሩ፤ በዚያው ሳምንት ከመታጠቢያ ቤቱ ግድግዳ ሰባት ወድቆባቸው ነበር።

የቀረው ወላጅ ግን አልተደሰተም። «ግጥም መስሎኝ እኮ ነው ያለቀስኩት» አሉ ሶፍት የያዙት እናት። ከኋላ አንድ አባት «ምን ነበረበት ባትተረጉመው?» አለ። «ሲነበብ እንዴት ያምር ነበር።» አጠገቡ ያሉት ራሳቸውን ነቀነቁ። የሚያፈጡብኝ መስሎኝ ነበር፤ እኔን ግን ማንም አላየኝም። የተቆጣው ዓይን ሁሉ ልጄ ላይ ነበር። ሶስና ቀስ ብላ ተቀመጠች፤ እጇን ቀሚሷ ውስጥ ደበቀች። ያኔ የተሰማኝን ሐፍረት ለጠላቴም አልመኝለት።

ፕሮግራሙ ሲያልቅ ቢሮ ተጠራሁ። «አንተ ላይ ቅሬታ የለም» አሉኝ ወይዘሮ አስቴር። «ታውቀው ነበር ወይ ብዬም አልጠይቅህም። ከጠየቅኩህ እኔም ላውቅ ነው። ወላጆች ያዘኑት በልጅህ ነው። ማንበብ አንድ ነገር ነው፤ መተርጎም ግን ፕሮግራማችን ውስጥ የለም። ዝም ካለች ሁለታችሁም ትቀጥላላችሁ። ካልሆነ ለሁለታችሁም ይከብደኛል።»

ከመድኃኔዓለም ወደ ቦሌ ሚካኤል በእግራችን ሄድን። ታክሲ ጠፍቶ አይደለም፤ የምናገረው ነገር አፌ ላይ አልመጣ ብሎኝ ነው። በመጨረሻ «የኔ እናት» አልኳት፣ «ከሰኞ ጀምሮ ምን ማለት ነው ብለው ቢጠይቁሽ አላውቅም በይ፣ እሺ?»

ትንሽ ሄደች። «እያወቅኩ?» አለች።

«እያወቅሽ።»

«እሺ» አለች። ቀጥላም ሳታየኝ «አንተ እንደማታውቅ ግን ለማንም አልተናገርኩም» አለችኝ። «ካሚላ አባትሽ ሁልጊዜ ሲ ብቻ ነው የሚሉት ብላ ስትስቅ ዝም በይ አልኳት። እንዳታፍር ብዬ።»

የስድስት ዓመት ልጅ ናት። ወር ሙሉ ስትሸፍነኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ አፏን እየዘጋሁ ነው። መንገድ ዳር ቆሜ ጫማዬን ያሰርኩ መሰልኩ። ማሰሪያ የለውም።

ሰኞ መጻሕፍቱ ከጉምሩክ ወጥተው ጠበቁኝ። አንዱን ከፈትኩ። ሃያ ሁለቱ ያዩኛል። የመጀመሪያዋን መስመር አነበብኩ፤ «ላ ጋታ ኪዬሬ ሌቼ።» ድምፄ ጥሩ ነበር። ሶስና አንገቷን ደፍታለች፤ አላውቅም ለማለት እየተዘጋጀች መሆኗ ከትከሻዋ ያስታውቃል። መጽሐፉን አጠፍኩት።

«ልጆች» አልኩ፣ «ይሄ ምን ማለት እንደሆነ እኔ አላውቅም። የሚነግረኝ አለ?»

እንዲህ ቀላል መሆኑን ማን በነገረኝ። ሃያ ሁለት እጅ ተነሣ። ለካ የአጥር ሥሩን ጨዋታ ሁሉም ከካሚላ ጋር ሲጫወቱት ከርመው ቋንቋዋን ለምደዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

በሩ ላይ ወይዘሮ አስቴር ትምህርት ቤቱን የሚያስጎበኟቸውን ባልና ሚስት ይዘው ቆመዋል። ሁሉን ሰምተዋል፤ ፊታቸው አመድ መስሏል። ሚስትየዋ «አስተማሪው አላውቅም እያለ ልጆቹ ሁሉ ያውቃሉ?» ብላ ጠየቀች። «ምን ዓይነት ዘዴ ነው?»

ወይዘሮ አስቴር ዓይናቸው ሁለት ጊዜ ተርገበገበ። «ልዩ ዘዴ ነው» አሉ። «አስተማሪው አላውቅም ይላል፣ ልጆቹ ያስረዱታል። እዚህ አካባቢ እኛ ጋ ብቻ ነው የሚሰጠው።»

«የኛ ሰፈር አስተማሪዎች ይህን አይችሉትም» አለ ባልየው። ልጃቸውን ሳይወጡ አስመዘገቡ፤ ወይዘሮ አስቴርም ስለ መተርጎም ዳግመኛ አላነሡብኝም።

ይህን ሁሉ ግን ቲቸር ሔለን ናት በኮሪደሩ ሆና ሰምታ ኋላ የነገረችኝ። ያን ሰዓት እኔ ከሶስና ጎን አንዲት ትንሽ ወንበር ላይ፣ ጉልበቴ አገጬ ድረስ ወጥቶ፣ ተቀምጬ ነበር። ልጄ ጣቷን በየቃሉ ላይ እያሳረፈች «ድመቷ ወተት ትፈልጋለች ነው የሚለው» አለችኝ። አንዲት ድመት ናት፣ ወተት ፈለገች፣ ሌላ ነገር የለውም። በዚያ ቋንቋ ካነበብኩት ሁሉ የገባኝ የመጀመሪያው ይህ ነውና ዓይኔ እንባ አቀረረ።